«ግንዛቤ የላትም» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ በተለይ ዘንድሮ ተመርቃችሁ በደሴና በኮምቦልቻ ጤና ጣቢያዎች ሥራ የምትጀምሩ፣ እኔ ዕድሜዬን በነርስነት ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ቃል ነው፤ «የግንዛቤ ማነስ» ስለሚባለው።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን፣ ቤተሰብ በዓመት አዋጥቶ ሲታመም ሳይከፍል የሚታከምበት ማለት ነው፣ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበረች። እንዲያም ሆኖ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች ከመቶው 95ቱ ምንም ዓይነት የጤና መድን አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ገብቷል። እኔ ግን በነዚያ ዓመታት ሪፖርት ስሞላ «ያልተመዘገቡበት ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት ሁልጊዜ «የግንዛቤ ማነስ» ብዬ እጽፍ ነበር። ዛሬ አፍርበታለሁ።

አንድ ጥር ላይ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቤት ለቤት ስንዞር፣ ጉልት ቲማቲምና ቃሪያ የምትሸጥ እናት ቤት ገባን። ቡና አቀራርባ ነበር፤ ሳንጠጣ አትወጡም አለችን። ስለ መድኑ ስጠይቃት ሁሉንም ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ሆስፒታል እንደሚኬድ፣ መነጽር እንደማይሸፍን ሳይቀር። «ታዲያ ለምን አላደሳችሁም?» አልኋት። ተነስታ ከሳጥኑ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ የመድን ደብተር አመጣች። በባሏ ስም ነው፤ የሷና የልጆቿ ፎቶ ከሥር ተለጥፏል።

«አምና ትንሹን ይዤ ሄድሁ፤ ሐኪሙ አየልኝ። መድኃኒት መስኮቱ ጋ ስደርስ ‹የለም፣ ከውጭ ግዢ› አሉኝ። ከጎረቤት ተበድሬ ገዛሁ። ዘንድሮ አባቱን የመድን ስጠኝ ብዬ ብጠይቀው ‹አንዱን በሽታ ሁለት ጊዜ ልከፍልበት?› አለኝ። ምን ልበለው፣ እትዬ?»

መልስ አልነበረኝም። ጀበናውን እያየሁ ዝም አልሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ መጠየቅ ጀመርሁ። የዓመቱ መዋጮ ባንድ ጊዜ ይፈለጋል፤ እሷ ግን የምታገኘው በቀን በቀን ነው፤ እሱንም ማታውኑ ለዘይትና ለበርበሬ ታውለዋለች። ጠቀም ያለው ገንዘብ ባባወራው እጅ ነው፤ ቤቱን የሚያስመዘግበውም እሱ ነው። ሲፋቱ ደብተሩ እሱ ዘንድ ይቀርና እሷ ልጆቿን ይዛ ባዶ እጇን ትወጣለች። ባል የሌላቸውን እማወራዎች ስናነጋግር ግን አብዛኞቹ እዚያው ይወስኑ ነበር፤ ባል አማክሬ ልመለስ የምትል የለችማ። ከገጠር መጥተው ሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች ደግሞ የቀበሌ መታወቂያ ስለሌላቸው በየትኛው ቤተሰብ ይቆጠሩ? ለድሃ ድሃው ወረዳውና ክልሉ ይከፍሉለታል፤ ስሙ የሚለየው ግን በቀበሌ ስብሰባ ነው፤ ስብሰባ ያልወጣችውን ማን ያነሳታል?

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ወጣት እናቶች በብዛት የሚሉት ስለሆነ አትናቁት። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና የቤተሰብ ምጣኔ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ነው። ስለዚህ «እኔ የምሄደው ለወሊድ ነው፤ እሱም ነጻ ነው» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ሕፃኑ ሲታመም፣ የራሷ ጨጓራ ሲነሳ ግን ሒሳቡ ይመጣል። ያኔ ልመዝገብ ብትል የምዝገባው ወቅት አልፏል። ይህን ለነፍሰ ጡሯ ለክትትል በመጣችበት ቀን፣ የግፊቷን መለኪያ እየፈታችሁ ንገሯት። ከስብሰባ አዳራሽ ይልቅ እዚያ ትሰማችኋለች።

ባሎቹን ደግሞ በቅሬ፣ በእድር ማለቴ ነው፣ ቀን አግኟቸው። ለቀብር ሳያጉረመርሙ የሚያዋጡ ሰዎች ናቸው፤ ገና ላልታመመ ሰው ማዋጣትን ከሌላ ሰው ይልቅ ከቅሬው ዳኛ አፍ ሲሰሙት ይገባቸዋል። እናቶቹም ዕቁባቸው በምዝገባው ወቅት እንዲደርስ ቢያስተካክሉ የመዋጮው ነገር ይቀላል።

ያቺ እናት በዓመቱ ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋር ጤና ጣቢያ ድረስ መጣች። የዕቁብ ብሯን ከመቀነቷ እየፈታች «መጀመሪያ ንገሪኝ፣ መድኃኒቱ አለ?» አለችኝ። ቆይ አልኋት፤ ብሯን ሳልቀበል ወደ መድኃኒት ክፍሉ ሄጄ መደርደሪያውን በዓይኔ አይቼ ተመለስሁ።