ሳንባ ታሞ ኩላሊት ሲደክም፦ ጥያቄና መልስ

ጅማ ውስጥ ጽኑ ሕሙማንን የማስታምም ነርስ ነኝ። ኮቪድ ወይም ኢንፍሉዌንዛ ጸንቶባቸው ስለተኙ ሰዎች ኩላሊት የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ የተኛው በሳንባው ነው። ትናንት «ኩላሊቱም ደክሟል» አሉን። ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ የሚሄደው ወደ ኩላሊት ነው። ስለዚህ የደም ግፊት ሲወርድና ኦክስጅን ሲያንስ ቶሎ ይጎዳል። ትኩሳቱና አለመብላቱ ሰውነቱን ያደርቁታል። በኮቪድ ደግሞ ደም በቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ሊረጋ ይችላል። የመተንፈሻ ማሽኑም ደረት ውስጥ በሚፈጥረው ግፊት ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ሊቀንስ ይችላል፤ ቢሆንም ትንፋሹን የያዘለት እሱ ነውና አይነቀልም።

ጥያቄ፦ ሽንቱን በየሰዓቱ እየለኩ ይጽፋሉ። ይህን ያህል ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ብዙ ያደርጋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት ቢያንስ 35 ሚሊሊትር መሽናት አለበት፤ ግማሽ የቡና ስኒ ገደማ ነው። ከዚያ በታች ሆኖ 6 ሰዓት ከቆየ ኩላሊቱ ተጎድቷል ብለን እንነሳለን። ክሬቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ (ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ ደም ውስጥ ምን ያህል እንደተከማቸ የሚያሳየው) ዘግይቶ ነው የሚናገረው። በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር (mg/dL) ከጨመረ፣ ቁጥሩ ገና «ኖርማል» ቢባልም ለእኛ ጉዳት ነው። ቤት ውስጥ የድሮ የላብራቶሪ ወረቀት ካለ እባካችሁ አምጡልን፤ የምናወዳድረው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ሳይተኛ በፊት ለቁርጥማቱ ዳይክሎፌናክ ተወግቷል፣ ዳማከሴም ጠጥቷል። ይቆጡናል ብለን ዝም አልን።

መልስ፦ ዛሬውኑ ንገሯቸው! ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት ደም የሚያስገባውን ሥር ያጠባሉ፤ ሰውነት ደርቆ ሳለ ሲወሰዱ ይከፋሉ። ዳማከሴውንም አትደብቁ። ሐኪሙ ካወቀ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ ለኩላሊት የሚከብዱ መድኃኒቶችን ይተዋል ወይም መጠናቸውን ያስተካክላል። እውነቱን ስለተናገራችሁ የሚቆጣ ባለሙያ ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ግሉኮስ በብዛት ቢሰጠው ኩላሊቱ አይታጠብም?

መልስ፦ አይታጠብም። ከደረቀ ፈሳሽ ይሰጠዋል፤ ካልደረቀ ግን ትርፉ ሳንባው ውስጥ ይተኛል።

ጥያቄ፦ ዳያሊሲስ ያስፈልገዋል ተባለ። ዕድሜ ልኩን ማሽን ላይ ሊቀር ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ፖታሲየም ከፍ ብሎ ልብን ሲያሰጋ፣ አሲድ ሲከማች፣ ሳንባ ውሃ ሲሞላና በመድኃኒት አልመለስ ሲል፣ ኩላሊቱ እስኪያገግም ማሽኑ ሥራውን ይሸፍንለታል። ከሕመሙ ከተረፉት ብዙዎቹ ከማሽኑ ይላቀቃሉ። ግን አልዋሻችሁም፤ ኩላሊት ሲታከልበት የሞት አደጋው ይጨምራል። ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠይቁት፣ ማወቅ መብታችሁ ነው።

ጥያቄ፦ አልሐምዱሊላህ ወንድሜ ወጥቶ ቤት ገብቷል። አሁንስ?

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። በ3 ወር ውስጥ ክሬቲኒኑን፣ ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን መኖሩንና ግፊቱን ይታይ፤ ስኳር ካለበት በተለይ። ወገቤን አመመኝ ብሎ ከፋርማሲ ማስታገሻ አይግዛ። ከሰቃም ከአጋሮም የምትመጡ፣ ቀጠሮውን ለገበያ ጅማ በምትገቡበት ቀን አስይዙት።