ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር ለምትሉኝ

ውድ ልጆቼ፣

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የሠፈራችን ወጣቶች «ጋሼ፣ ፓይተን መማር ፈልጌ ነበር፤ የትኛውን መጽሐፍ ልያዝ?» እያሉ ወደ ቤቴ ይመጣሉ፤ ፓይተን ኮምፒውተርን የምናዝዝበት አንድ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በዚህ በጅማ ከተማ ከ20 ዓመት በላይ በኮምፒውተር ሙያ ከኖርሁ በኋላ፣ የምሰጠው መልስ ከርዕሱ በፊት የመጽሐፉን ዕድሜ እንዲያዩ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ጥራዝ ይዛ መጣች። የመጀመሪያውን ምሳሌ ፊደል በፊደል ገልብጣ ብትጽፈውም ኮምፒውተሩ አልቀበልም እያለ ሦስት ቀን ስላስቸገራት፣ ትምህርቱ ለእሷ እንዳልተፈጠረ ቆርጣ ነበር። ጥፋቱ ግን የእሷ አልነበረም። ጥራዙ የተጻፈው ለቋንቋው የቀድሞ እትም ለፓይተን 2 ሲሆን፣ ኮምፒውተሯ ላይ የተጫነው አዲሱ እትም ፓይተን 3 ነው፤ በቀድሞው «ፕሪንት» ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ ቅንፍ ግዴታ አልነበረም፣ በአዲሱ ግን ያለ ቅንፍ አይሠራም። ፓይተን 3 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን ለፓይተን 2 የሚሰጠው ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ቆሟል፤ የድሮዎቹ ጥራዞች ግን በፍላሽ እየተገለበጡ ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ።

ቅንፍ ሲጎድል ኮምፒውተሩ ቢያንስ ይጮኻል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዝም ብሎ የሚያልፈው ልዩነት ነው። 25 ኪሎ ቡና ስንት ፈረሱላ እንደሚሆን ለማወቅ ለ17 ብታካፍሉ፣ ፓይተን 3 ወደ 1.47 የሚጠጋ መልስ ሲሰጣችሁ የቀድሞው ግን 1 ብሎ ያልፍ ነበር፤ የቀረው 8 ኪሎ የት እንደ ገባ የሚናገር የለም። የፊደላችንም ነገር እንዲሁ ነው። በድሮው ፓይተን «ጅማ» የሚለውን ቃል በተለመደው መንገድ ጽፋችሁ ርዝመቱን ብትጠይቁ 6 የሚል መልስ ይመጣ ነበር፤ ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 አሠራር እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት (የማስቀመጫ ቦታ መለኪያ) ስለሚይዝ፣ ይቆጠር የነበረው ፊደሉ ሳይሆን ባይቱ ነበርና። በፓይተን 3 መልሱ 2 ነው።

ከዕድሜው ቀጥሎ መማሪያው መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ አብሯችሁ መቆየት መቻሉን ተመልከቱ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ላለ ተማሪ ቪዲዮ ይመች ይሆናል፤ የኢንተርኔት ጥቅል እየገዛ ለሚማር ልጅ ግን ወርዶ የሚቀመጥ ጽሑፍ ይሻለዋል፣ የፈለገውን ቃል ፈልጎ ማግኘትም ይቀለዋል። የፓይተን ይፋዊ መማሪያ ሙሉ በሙሉ በነፃ ይወርዳል። ሆኖም የተዘጋጀው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ቀምሶ ለመጣ ሰው ስለሆነ ፈጠን ይላል፤ ስለዚህ ፈጽሞ ጀማሪ ለሆነ ሰው ብቻውን አልሰጠውም፣ በየምዕራፉ መጨረሻ መልመጃ ካለው ቀለል ያለ መጽሐፍ ጋር አጣምሬ እንጂ። መልመጃ የሌለውን መጽሐፍ፣ አጻጻፉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለጀማሪ አልመክርም። ምሳሌዎቹንም ኮፒ እያደረጋችሁ አትለጥፉ፤ በጣታችሁ ጻፏቸው።

አብዛኛው መማሪያ በእንግሊዝኛ መሆኑ ሸክም እንደሆነ አውቃለሁ። የዚያች ተማሪ ኮምፒውተር ቅንፍ መጉደሉን ሦስቱንም ቀን ሲነግራት ነበር፤ ቃሉን ስለማታውቀው ግን አላስተዋለችውም። አሁን የስሕተት መልእክቶችን እየገለበጠች ትርጉማቸውን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የምትጽፍበት ደብተር አላት። መጽሐፍ ሳትቀይር አራተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሳለች፤ ባለፈው ሳምንትም የአባቷን ቡና በሙሉ ፈረሱላና በትርፍ ኪሎ ለይቶ የሚያሰላ አጭር ፕሮግራም ጽፋ አሳየችኝ።