«እንጀራ አይሆንሽም» ለተባልሽው እህቴ

ከደሴ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዘንድሮ በፖለቲካል ሳይንስ ተመርቀሻል። ለማስተርስ የጥንት የእስልምና ሊቃውንት ስለ መንግሥትና ሥልጣን የጻፉትን ማጥናት ትፈልጊያለሽ። ቤተሰብ ደግሞ «እንጀራ አይሆንሽም፣ አካውንቲንግ ተማሪ» እያለሽ ነው። ምን ይሻለኛል ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ሲቪሽን ሁለቴ አነበብኩት። ቋንቋ በሚለው ቦታ «አማርኛ፣ እንግሊዝኛ» ብለሽ ዘግተሽዋል። በደብዳቤሽ ግን አባትሽ ዘንድ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ነህው (የዐረብኛ ሰዋስው) እና ፊቅህ (የእስልምና ሕግ) እየቀራሽ እንዳደግሽ ነግረሽኛል። ታዲያ ዐረብኛሽ የት ገባ? ዲግሪ ያለው ሰው ብዙ ነው። ዲግሪም ይዞ ኪታብ ከፍቶ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ዛሬውኑ ጻፊው።

አሁን ወደ ፕሮፖዛልሽ። «ከፋራቢ እስከ ኢብን ኸልዱን» ብለሽዋል። ይሄ ከ400 ዓመት በላይ ነው፣ ሰዎቹም አይመሳሰሉም። ፋራቢ ከግሪክ ፍልስፍና ተነሥቶ ስለ መልካሟ ከተማ ያስባል። ኢብን ኸልዱን መንግሥት ለምን ተነሥቶ ለምን እንደሚወድቅ ይመረምራል። ሁሉንም ልያዝ ካልሽ አንዱንም አትይዢም።

እኔ ብሆን አል-ማወርዲን ብቻ እይዝ ነበር። ባግዳድ ውስጥ ቃዲ (የሸሪዓ ዳኛ) ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1058 ሞተ። «አል-አሕካም አስ-ሱልጧኒያ» (የመንግሥት ሕግጋት) የተባለው መጽሐፉ 20 ምዕራፎች አሉት። ላይ ላዩን ስታዪው ደረቅ የሕግ ዝርዝር ይመስላል። ዘመኑን ግን አስቢው። ባግዳድን ከ945 ጀምሮ በጦር የያዙት ከኢራን የመጡት ገዢዎች፣ ቡወይሂዮች ናቸው። የሙስሊሞቹ የበላይ መሪ ኸሊፋው ስሙ በጁምዓ ኹጥባ (ስብከት) ይጠራል፤ ጦሩ ግን በእጁ የለም። እንግዲህ ስለ ክፍለ ሀገር ገዢዎች የጻፈውን ምዕራፍ ክፈቺ። ኸሊፋው ወዶ የሾመው ገዢ አለ። አገሩን በጉልበት የያዘም አለ። ይሄኛው ምን ይደረግ? አል-ማወርዲ እንዳላየ አላለፈውም። ኸሊፋው ሹመቱን ይስጠው፣ እሱም የኸሊፋነቱን ክብርና ሸሪዓውን ይጠብቅ ይላል። ሕግ ጭራሽ እንዳይፈርስ የሚታገል ሰው እዚህ ጋ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይሄን ክፍል ባነበብኩት ቁጥር ልቤን ይነካኛል።

ደካማ ነበር እንዳትዪ ደግሞ። የቡወይሂዩ አሚር ጀላል አድ-ደውላ «የነገሥታት ንጉሥ» ልባል ሲል ሌሎች ዑለማዎች (የሃይማኖት ሊቃውንት) ፈቀዱለት። አል-ማወርዲ የአሚሩ ወዳጅ ሆኖ ሳለ አይሆንም አለ። የቱ ላይ ነው የተለሳለሰው፣ የቱ ላይ ነው እምቢ ያለው? ለምን? ለማስተርስ ይሄ ጥያቄ ይበቃሻል።

ስለ እንጀራው አልዋሽሽም። በዚህ ትምህርት ስም የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ አታገኚም። ቤተሰብሽ መስጋታቸው ልክ ነው። የሚቀጠረው ግን ችሎታሽ ነው። ዐረብኛ ከአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ መቀመጫው ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ትርጉም፣ ውጭ ጉዳይ፣ መካከለኛው ምሥራቅን የሚከታተል ሚዲያ፣ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር፣ ሁሉም ይመለከቱሻል። ሐረር የሸሪፍ ሙዚየምና አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ውስጥ በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የእጅ ጽሑፎች አሉ። እነሱን አንብቦ የሚዘረዝር ሰው ያስፈልጋል። ዐረብኛሽ የኪታብ ብቻ ከሆነ ግን ለቢሮ አይበቃም። በየቀኑ የዐረብኛ ዜና ስሚ፣ በሳምንት አንድ ገጽ ወደ አማርኛ መልሺ። ማስተርሱን እየተማርሽም በትርጉም ትንሽ ገቢ ማግኘት ትችያለሽ። ቤተሰብም ያኔ ረገብ ይላል።

ከአባትሽ ጋር የገዢዎቹን ምዕራፍ አብራችሁ አንብቡት። እሳቸው ኪታቡን ሲያፍታቱ አንቺ ዘመኑን ንገሪያቸው። ከዚያ ፕሮፖዛሉን ወደ ሁለት ገጽ አሳጥረሽ፣ ከታረመው ሲቪ ጋር ላኪልኝ።