ልጄ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አቆመች

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት። የምንኖረው ሀዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ ነው። ከትምህርት መጽሐፏ ውጭ አንድም ገጽ ስታነብ አይቻት አላውቅም። በክረምቱ አጎቷ ከአዲስ አበባ «ዘ ሀንገር ጌምስ» የሚባል የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አመጣላት። ሁለቱን ምዕራፎች በአንድ ቀን ጨረሰች፤ ሦስተኛው ላይ ዘግታ አስቀመጠችው፤ ይኸው ሁለት ወር ሆነው። አብሬያት ላነብ ፈልጌ ነበር። ግን እንግሊዝኛዬ ድሮ 12ኛ ክፍል የተማርኩት ነው፤ ደግሞም ልጆች እርስ በርስ የሚገዳደሉበት ታሪክ ነው ሲሉኝ ደነገጥኩ። ላንብበው ወይስ ልደብቀው?
— የአንዲት ልጅ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ አይደብቁት።

እኔም የዚህችው ከተማ ነዋሪ ነኝ። ይህንኑ መጽሐፍ ከልጄ ጋር ያነበብነው እሱ 14 ዓመት ሲሆነው ነው። መጀመሪያ ያጠፋሁትን ልንገርዎት። የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝና በየምዕራፉ መጨረሻ እጠይቀው ነበር፤ የዚህ ቃል ፍቺ ምንድን ነው? የምዕራፉ ዋና ሐሳብስ? ሳምንት ሳይሞላ መጽሐፉን ፍራሹ ሥር አገኘሁት። በጣም ተናደድኩ። ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ ሲፈተን ውሎ ማታ ደግሞ ለእናቱ መፈተን አቅቶት ነበር። ከዚያ ወዲያ ጥያቄውን ትቼ ለራሴ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ምሽት ሽንኩርት እየከተፍኩ ከልቤ ያልገባኝን ጠየቅኩት፤ «ይህቺ ልጅ ቀስቷን ጫካ ውስጥ የምትደብቀው ለምንድን ነው?» ወጡ እስኪበስል ድረስ አስረዳኝ።

እንግሊዝኛዎ አያሳስብዎት። ታሪኩን የምትተርከው የ16 ዓመቷ ካትኒስ ራሷ ናት፤ ነገሩ አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጋ፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው የምትናገረው። ያላወቁትን ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ አይፈልጉ፤ ደጋግሞ የሚመጣውን ብቻ ይያዙ። ለምሳሌ እርስ በርስ ወደሚገዳደሉበት ውድድር የሚላኩት ልጆች «ትሪቢዩት» ይባላሉ። በእኛ ቋንቋ ግብር ማለት ነው። ግብር ለገዢ የሚከፈል ነው፤ በቤተ መንግሥት የሚበላው ድግስም ግብር ይባላል። ካፒቶል የተባለችው ገዢ ከተማ በሥሯ ያሉትን 12 ወረዳዎች የምታስገብረው ልጆቻቸውን ነው፤ በዚያው ላይ ትደግሳለች። ይህን ለልጄ ስነግረው መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ገጹን እንደገና አነበበው።

መገዳደሉ አለ፤ አልዋሽዎትም። በየዓመቱ ከየወረዳው ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ በዕጣ ይወሰዳሉ፤ ከ24ቱ አንድ እስኪቀር ድረስ አገር በቴሌቪዥን ያያቸዋል። ደራሲዋ ሱዛን ኮሊንስ ሐሳቡ የመጣላት አንድ ምሽት ቴሌቪዥን ስትቀያይር፣ በአንዱ ጣቢያ ወጣቶች ሲወዳደሩ፣ በሌላው የኢራቅን ጦርነት አይታ መሆኑን ተናግራለች። መጽሐፉን ያሳተመችው በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ቁጣዋ ተቀምጦ በሚያየው ሰው ላይ ነው፤ ስታነቡም ማን እያየ ነው፣ ማንስ እየሳቀ ነው ብላችሁ ተነጋገሩ።

የእኛን ቤት ያናወጠው ግን ደሙ ሳይሆን ዕጣው ነበር። ድሃ ልጅ ስሙን ደጋግሞ ካስገባ ለቤተሰቡ እህልና ዘይት ይሰጠዋል። የካትኒስ ስም 20 ጊዜ ገብቷል፤ የጓደኛዋ የጌል 42 ጊዜ። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ እየበላን ሳለ ልጄ ቀና ብሎ «እማዬ፣ ለእናንተ እህል እንዳመጣ ስሜን ባስገባ ትፈቅጂልኝ ነበር?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እጄን ታጥቤ በሐይቁ ዳር አብረን ስንሄድ ነው ቀስ እያልኩ የነገርኩት፤ እኔ ራሴ በልጅነቴ ለታናናሾቼ ስል ትምህርት ያቋረጥኩበትን ዓመት። ከዚያ በፊት ነግሬው አላውቅም ነበር።

አንድ ቦታ ይጠንቀቁ። ከመጽሐፉ አጋማሽ አለፍ ብሎ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ትሞታለች። በዚያ ምሽት ቤት ይሁኑ። በቅርቡ በጦርነት ሰው ያጣ ቤተሰብ ከሆናችሁ ግን ለጊዜው ሌላ መጽሐፍ ብትመርጡ እወዳለሁ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ምዕራፍ። ልጅዎ እዚያ ያቆመችው በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ልቤ አይቀበለውም። ካትኒስ ወደ ውድድሩ ልትወሰድ ስትል እናቷን የምትሰናበተው እዚያ ነው። አባቷ በማዕድን ጉድጓድ ፍንዳታ ከሞተ በኋላ እናትየዋ በሐዘን ደንዝዛ ልጆቿን ረስታ ነበር፤ ካትኒስ በ11 ዓመቷ ቤቱን ተሸከመች። አሁን «ዳግመኛ ጥለሽን እንዳትሄጂ» ብላ ትቆጣታለች፤ እናትም ታምሜ ነበር ትላለች። ለሴት ልጅ ከዚህ የከበደ ገጽ የለም። የእናንተን ቤት አላውቅም፤ ቢሆንም ያቺን ገጽ ከማንም በፊት እርስዎ ያንብቧት።

ከዚያ ምዕራፉን ጨርሺ አይበሏት። ቡና ስታፈሉ ወይም ልብስ ስታጥፉ፣ ፊት ለፊት ሳትቀመጡ፣ «ካትኒስ እናቷን ይቅር የምትላት ይመስልሻል?» ብለው ይጠይቋት። ዝም ካለች ዝም ይበሉ። መጽሐፉንም ያገኙበት ቦታ ይመልሱት።