ስለ «ዘ ሻዶውስ» የመጨረሻ መሰባሰብ፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ጅማ ጅሬን መንገድ ያለው ቤቴ ተሰባስበን፣ የእንግሊዝ የጊታር ቡድን የሆኑት ዘ ሻዶውስ ከዘፋኙ ክሊፍ ሪቻርድ ጋር በ2009 ለንደን ኦ2 አዳራሽ ያቀረቡትን ኮንሰርት ስናይ ግማሹ ላይ መብራት ጠፋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገርም አልተቻለም። ጥያቄያችሁን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ቡናው ረከቦት ላይ ትታችሁልኝ ሄዳችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሳነባቸው ከረምኩ፤ እነሆ መልሴ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ጥያቄ (ከቆጪ፣ ተማሪ)፦ ጋሼ፣ እኔ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ዜና እስኪጀምር የሚለቀቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። እነዚህ ሽማግሌዎች እነማን ናቸው?

መልስ፦ ልጄ፣ ባለ መነጽሩ ሃንክ ማርቪን ነው። ከጎኑ ሪትም (አጃቢ) ጊታር የያዘው ብሩስ ዌልች፣ ድራም ላይ የተቀመጠው ብራያን ቤኔት። ሃንክና ብሩስ የኒውካስል የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ናቸው፤ ሁለቱም በ1941 በአምስት ቀን ልዩነት ተወለዱ። በ1958፣ ገና በ16 ዓመታቸው፣ ጊታራቸውን ይዘው ለንደን ገቡና በዚያው ዓመት ክሊፍ ሪቻርድን ማጀብ ጀመሩ። መጀመሪያ ስማቸው «ዘ ድሪፍተርስ» ነበር። በዚሁ ስም የሚጠራ የአሜሪካ ቡድን ስለነበረ በ1959 ቀየሩት። «ሻዶውስ»፣ ማለትም «ጥላዎች» የሚለውን ያወጣላቸው የያኔው ቤዝ ጊታር ተጫዋች ጄት ሃሪስ ነው።

በ1960 «አፓቼ» የተባለው ዜማቸው ወጣ። በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ አምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ ከአንደኝነት ያወረደውም የራሱን የክሊፍን ዘፈን ነው። ክሊፍ ግን አልተከፋም። እንዲያውም በዚያ ቀረጻ መግቢያና መውጫ ላይ የምትሰሙትን የቻይና ከበሮ የመታው እሱ ነበር።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ «የመጨረሻ» ያሉት ስንት ጊዜ ነው? ግራ ገባኝ።

መልስ፦ በ1968 መጨረሻ ተበተኑ። በ1973 ተመልሰው ተሰባሰቡ፤ በ1975ም እንግሊዝን ወክለው በዩሮቪዥን፣ በአውሮፓ የዘፈን ውድድር፣ ሁለተኛ ወጡ። በ1990 እንደገና አቆሙ፤ ሃንክ ቀደም ብሎ ወደ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ ሄዶ መኖር ጀምሮ ነበር። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ «የመጨረሻው ጉዞ» ብለው እንግሊዝን ዞሩ፤ በ2005 ወደ ሌሎቹ የአውሮፓ አገሮች ተሻገሩ። እኛ ያየነው ከዚያ በኋላ፣ በ2009 እና 2010፣ ክሊፍ ሙዚቃ የጀመረበትን ሃምሳኛ ዓመት ለማክበር አብረው የዞሩትን ነው። ሰው የተበተነ ቤቱን ሊሰናበት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢመለስ አይፈረድበትም። እኔ እያንዳንዱን መመለሳቸውን ወድጄዋለሁ።

ጥያቄ (ከፈረንጅ አራዳ)፦ ሁሉም ስለ ሃንክ ነው የሚያወራው። ጋሼ ግን ስናይ ደጋግመህ «ብሩስን እዩት» ትል ነበር። ምኑን እንይ?

መልስ፦ ቀኝ እጁን። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ኖሬአለሁ ብል ማጋነን አይደለም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ እዚሁ ጅማ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ሪትም ጊታር እጫወት ነበር። አንድ ጓደኛችን የሻዶውስን ካሴት ከአዲስ አበባ አመጣ፤ እየተገለበጠ፣ እየተገለበጠ የመጣ ካሴት ነው። ማታ ማታ በአዳራሹ ጥግ ቴፑን ከበን «አፓቼን» እየሰማን ማጥናት ያዝን። ከቴፑ ጋር ልክ እንዲገጥም ኤ ፍላት ማይነር በሚባለው ቅኝት መጫወት ነበረብን። ሊድ (ዜማውን የሚመራው) ጊታር ተጫዋቻችን ተቸገረ፣ እኔ ግን ከእሱ ይበልጥ ተሠቃየሁ፤ ሁሉንም ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) በአመልካች ጣቴ አንገቱን ጨፍልቄ መያዝ አለብኝ፣ የምመታው ሁሉ ደንቆሮ ድምፅ ነው የሚሰጠኝ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ለፋን። ከዚያ የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ፈጽሞ አለቀና ከሕርማታ አዲስ ገዝተን ከተትን። ካሴቱን ስንከፍተው ዜማው ግማሽ ቶን ከፍ ብሎ መጣ! ለካስ የደከመው ድንጋይ ቴፑን እያዘገመ ድምፁን ዝቅ አድርጎት ኖሯል። ትክክለኛው ኤ ማይነር ነው። ኤ ማይነርን ክፍት አድርጌ መታሁት፤ ያልተያዙት ክሮች አብረው ጮኹ፣ አዳራሹ ሞላ። ያን ቀን ነው ብሩስ ምን እንደሚሠራ የገባኝ።

በ«አፓቼ» ላይ የብሩስ ጊታር ኤሌክትሪክ አይደለም፣ ተራ የእንጨት ጊታር ነው። ክፍት ኮርዶቹን እየመታ ከዜማው ሥር ምንጣፍ ያነጥፋል። ሃንክ ኖታዎቹን ዘርዘር አድርጎ፣ መሐላቸውን ክፍት ትቶ የሚጫወተው ከሥሩ ያ ምንጣፍ ስላለ ነው። ብሩስ ቢያቆም ሃንክ ክፍተቱን በጣቶቹ ሩጫ መሙላት ይገደድ ነበር፤ ያኔ ሻዶውስነቱ ይጠፋል። የሃንክን ዜማ መንገደኛው ሁሉ ያፏጫል፤ የብሩስን የሚያፏጭ የለም። በኮንሰርቱ ላይ 68 ዓመት አካባቢ ሆኖት እንኳ የእጅ አንጓው እንዴት እንደሚላላ አይታችኋል። ደግሞ በቅኝት ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው፤ አንድ ክር በትንሹ ብትወርድ አያልፍም። ሪትም የሚመታ ሰው እንዲህ መሆን አለበት፤ ስድስቱን ክር በአንዴ የሚያሰማው እሱ ነውና ስሕተቱም ስድስት እጥፍ ነው።

ጥያቄ (ከሕርማታ)፦ የሃንክ ጊታር ድምፅ የሚያስተጋባው በምንድን ነው? ሞባይል ላይ ባለ መተግበሪያ ሞክሬ አልመጣልኝም።

መልስ፦ ሦስት ነገር ተገናኝቶ ነው። አንደኛው ቀዩ ፌንደር ስትራቶካስተር ነው፤ በ1959 ክሊፍ ከአሜሪካ አስመጥቶ የሰጠው። ሁለተኛው የቮክስ ማጉያ ነው። ሦስተኛው ሚያዚ የሚባል የጣሊያን የኤኮ መሣሪያ ነው፤ ድምፁን ቴፕ ላይ ቀርጾ በተለያዩ የማንበቢያ ራሶች መልሶ ያሰማል። ስለዚህ የሚመለሰው ድምፅ አንድ ወጥ አይደለም፣ እንደ ፈረስ ግልቢያ የተሰባበረ ነው። መተግበሪያህ ላይ አንድ ኤኮ ብቻ ከፍተህ ይሆናል፤ ሁለት ሦስት አድርግና ሞክር። ከሁሉ በላይ ግን እጁን ተመልከት፤ ድልድዩ ላይ ያለውን ዘንግ በመዳፉ ይዞ የኖታውን ጫፍ ያንቀጠቅጠዋል። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ክሩ ላይ እንደሚያርገበግበው ማለት ነው።

ጥያቄ (ከቆጪ፣ ሌላ ወጣት)፦ «አፓቼ» ውስጥ ያለውን ድራም ራፕ ላይ ሰምቼዋለሁ። እነሱ ናቸው?

መልስ፦ ዜማው አንድ ነው፣ ቀረጻው ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ «አፓቼን» ያስወደደው በ1961 ዴንማርካዊው ዮርገን ኢንግማን ነው። አንተ የሰማኸው ድራም ግን በ1973 «ኢንክሬዲብል ቦንጎ ባንድ» ከሠራው ነው፤ የሂፕ ሆፕ ዲጄዎች እሱን እየቆረጡ ብዙ ሠሩበት። የሁሉም አባት ጄሪ ሎርዳን የተባለ እንግሊዛዊ የዜማ ደራሲ ነው፤ «ወንደርፉል ላንድ» እና «አትላንቲስ»ም የእሱ ናቸው። «ወንደርፉል ላንድ» በ1962 ስምንት ሳምንት አንደኛ ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከ«አፓቼ»ም ይበልጣል።

ጥያቄ (ስም የሌለው ወረቀት)፦ ከዚያ መድረክ የጎደሉት እነማን ናቸው?

መልስ፦ «አፓቼ» ላይ ድራም የመታው ቶኒ ሚሃን በ2005 አረፈ። ጄት ሃሪስ በ1962 ነበር ቡድኑን የለቀቀው፤ በ2011፣ ጉዞው ባለቀ በዓመቱ፣ አረፈ። ጆን ሮስቲል፣ ከ1963 ጀምሮ ቤዝ የተጫወተላቸው፣ በ1973 ገና በወጣትነቱ ሞቷል። በ2009 ቤዝ የያዘው ማርክ ግሪፊትስ ነው፤ ኪቦርዱን የተጫወተው ደግሞ የብራያን ልጅ ዋረን ቤኔት። አባት ከኋላ ሲመታ ልጅ ከጎኑ ሲጫወት ሳይ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ (ከአጂፕ፣ እናት)፦ ወንድሜ፣ የእኛዎቹ ዋልያሶች ከእነሱ በምን ያንሳሉ? ለምን ስለእነሱ አታወራም?

መልስ፦ እህቴ፣ አያንሱም፤ እኔም የማወዳድራቸው ለማሳነስ አይደለም። ዋልያስ በአዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወቱ የኖሩ፣ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሸክላ ያወጡ ናቸው። «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ውስጥ ነው። ልዩነታቸው እንደገና መገናኘቱ ላይ ነው። ዋልያሶች በ1981 ማህሙድ አህመድንና ጌታቸው ካሳን አጅበው አሜሪካ ሄዱ፤ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፣ ከፊሎቹ ተመለሱ። ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ ሲጠብቅ መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን ይለማመድ ነበር። የቀድሞ ሥራው በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም አወቀውና መድረክ ላይ ተመለሰ። ሻዶውሶች ግን ሦስቱም በሕይወትና በጤና እያሉ አንድ መድረክ ላይ ቆሙ። የሻዶውስን ኮንሰርት ባየሁ ቁጥር ዋልያሶች በ1977 እንደነበሩ ሆነው አንድ ምሽት ሂልተን ቢቆሙ እላለሁ። ይህ ምኞቴ ነው፣ ልደብቀው አልችልም።

ጥያቄ (ከፈረንጅ አራዳ)፦ ኮንሰርቱን በአካል አይተኸዋል?

መልስ፦ አላየሁም። ለንደን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ገብቶ ነበር። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ፤ ባለቤቴ የሞት መርዶ መስሏት ብድግ አለች። ሳነሳው ወንድሜ አይናገርም፤ ስልኩን ወደ መድረኩ አንስቶት ኖሯል። መስመሩ እየተቆራረጠ የሃንክ ዜማ አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል። ዜማው ሲጠፋ የሚሰማኝ የብሩስ ምት ብቻ ነበር፤ ቸክ ቸክ ቸክ እያለ። በዚያ ምት የጎደለውን ዜማ እኔው በልቤ እሞላው ጀመር። ካርዱ እስኪያልቅ ሁለታችንም አንድ ቃል አልተናገርንም።

ጥያቄ (ከቆጪ፣ ተማሪው እንደገና)፦ ጊታር ገዝቻለሁ። ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ከኤ ማይነር። ዜማውን ለጊዜው ተወው። እሁድ ስትመጣ ጊታርህን ቤትህ ቃኝተህ አምጣ፤ እኔ ዜማውን እጫወታለሁ፣ ብሩስን አንተ ትሆናለህ።