ተነጻጻሪና ተለዋጭ ዘይቤ ለሚምታታባቸው ልጆች፣ በዝናብ ቀን

ለአራተኛ ክፍል ልጆችሽ ትርጓሜ ማስሸምደዱን ተይው። አንድ ነገር ብቻ ያዢና በሦስት መንገድ አስብያቸው። የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ አላስተምር ብሎኛል ብለሻል አይደል? እሱኑ ውሰጂ፦

1. ዝናቡ ጣሪያውን እንደ ከበሮ ይመታዋል። «እንደ» ብለን አወዳደርን፤ ተነጻጻሪ።
2. ዝናቡ ከበሮ መቺ ነው። በቀጥታ «ነው» አልን፤ ተለዋጭ።
3. ዝናቡ ዛሬ ተቆጥቷል። የሰው ጠባይ ሰጠነው፤ ሰውኛ።

ከዚያ ስለ በሬ፣ ስለ ጤፍ፣ ስለ አባይ የራሳቸውን ይሥሩ። «እንደ» ባለበት ሁሉ ግን ዘይቤ እንዳይመስላቸው። «እንደ ነገርኩሽ» ውስጥ ምንም ንጽጽር የለም።

ሜዳው ጨቅይቶ ክፍል ውስጥ ለሚያሳልፉት እረፍት፣ እንቆቅልሽ አጫውቻቸው። መጀመሪያ ግን ተነስተው ትንሽ ይፍታቱ፤ ልጅ ናቸው። ከዚያ ረድፍ ከረድፍ ይጋጠም። «እንቆቅልህ!» «ምናውቅልህ!» ያልመለሰው ረድፍ አገር ይሰጣል። ደጀን፣ ቢቸና፣ ሞጣ እያሉ ጎጃምን ሲያዳርሱ ጂኦግራፊው በነጻ ነው። እንቆቅልሹም አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ነገር በሌላ ስለሚገልጽ የጠዋቱን ትምህርት ይከልስልሻል። መልስ ግን እጅ ላወጣ ብቻ፤ አለዚያ ጩኸቱ ከዝናቡ ይብሳል።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። በጨዋታው ልማድ አገር የተሰጠው ተሸናፊውን ይሰድባል። እኔ ክፍል ውስጥ ይህን አልፈቅድም፤ ስድቡ ቶሎ ወደ ልብስና ወደ ቤተሰብ ይዞራል። በምትኩ አሸናፊው ያገኘውን አገር በአንድ ተለዋጭ ዘይቤ ያወድስ።