መልስ፦ ጂኤንአርኤችን ጥቂት የአንጎል ሴሎች ብቻ ለምን ያመርታሉ?

ጂኑ በሁሉም የሰውነት ሴሎች ውስጥ ካለ፣ የመራቢያ ሥርዓትን የሚመራውን ጂኤንአርኤች የተባለ ሆርሞን ጥቂት የአንጎል ሴሎች ብቻ ለምን እንደሚያመርቱት ጠይቀዋል። ልዩነቱ የሚመጣው ከጂኑ ሳይሆን ጂኑን ከሚያስነብቡት ፕሮቲኖች ነው። በአይጥ አንጎል ውስጥ 800 ገደማ ብቻ የሆኑት እነዚህ ሴሎች፣ እንደ ኦክት-1 እና ኦቲኤክስ2 ያሉ ፕሮቲኖቻቸው በጂኑ መነሻ አጠገብና ራቅ ብሎ በሚገኝ አጎልባች የዲኤንኤ ክፍል ላይ በአንድነት ሲያርፉ ጂኑን ማንበብ ይጀምራሉ። ኦክት-1 በሌሎች በርካታ ሴሎችም ስለሚገኝ ወሳኙ ጥምረቱ ነው እንጂ አንድ ብቸኛ ፕሮቲን አይደለም። የዚህ እውቀት ጉልህ ክፍል የተገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ ከሆኑትና ከአይጥ የአንጎል ዕባጭ (ቱመር) ተዘጋጅተው በላቦራቶሪ ከሚራቡት ጂቲ1 ሴሎች ነው፤ በሕይወት ካለ እንስሳ እነዚያን ጥቂትና የተበታተኑ ሴሎች ለቅሞ ማጥናት እጅግ አድካሚ ነበርና።

ኤስትሮጅን የተባለው የጾታ ሆርሞን በቀጥታ በጂኤንአርኤች ሴሎች ላይ እንደሚሠራ ያነሱት ግን ትንሽ መታረም አለበት። ዋናው የኤስትሮጅን ተቀባይ (ሆርሞኑ የሚያርፍበት ፕሮቲን)፣ ማለትም አልፋ የሚባለው፣ በጂኤንአርኤች ሴሎች ውስጥ ስለማይገኝ፣ መልእክቱ በአብዛኛው የሚደርሳቸው ተቀባዩ ባላቸውና ኪስፔፕቲን የተባለ መልእክት አስተላላፊ በሚያመርቱ ሌሎች የአንጎል ሴሎች በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የኪስፔፕቲን ተቀባይ የተበላሸባቸው ሰዎች ለአቅመ አዳምና ሔዋን የመድረስ ለውጥ እንደማይታይባቸው መታወቁም የዚህን መንገድ አስፈላጊነት አሳይቷል።